የጎጃም ገበሬ ዓይን በቶኪዮ አፕ አይታከምም

የዓይን ድርቀት ያለበትን ሰው ራሱን እንዲንከባከብ እንረዳለን የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎች በዓለም ላይ እየበዙ ነው። በቶኪዮ የጁንቴንዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት «ድራይ አይ ሪዝም» አንዱ ነው። ተጠቃሚውን ስለ ሕመሙና ስክሪን ላይ ስለሚያጠፋው ሰዓት ይጠይቀዋል፤ ሳያርገበግብ ስንት ሰከንድ መቆየት እንደሚችልም ይለካል። ሌሎቹ ደግሞ «አሁን ዓይንህን አርግብ»፣ «ጠብታህን አትርሳ» እያሉ ያስታውሳሉ።

ነገሩ በቦታው ጥሩ ነው። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ቁጥር ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ዓይንን የሚያለብሰው ስስ የእንባ ሽፋን ይተናል፤ ዓይን ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለሚቀመጥ የባንክ ሠራተኛ፣ ቡሬ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ለማይለቅ ወጣት አስታዋሽ አፕ ይጠቅማል። በሽታውን ያመጣው ስልክ ራሱ አስታማሚ ሆኖ መምጣቱ ቢያስቅም፣ ይጠቅማል።

ስህተቱ የሚጀምረው ይኸው ነገር «ለገጠሩ ጤና ዲጂታል መፍትሔ» ተብሎ ሲቀርብ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ዓይን የደረቀው በስክሪን አይደለምና።

የዚህ አገር ዓይን በበጋ ከአውድማ የሚነሳ ገለባና አቧራ ይመታዋል። በርበሬ ሲቀነጠስና ሲወቀጥ ያቃጥለዋል። ጭስ መውጫ በሌለው ማድቤት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናት ዓይን ዓመት ሙሉ ጭስ ይጠጣል። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ትራኮማ አለ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጅምላ በሚታደለው አዚትሮማይሲንና በቀዶ ሕክምና ዘመቻ ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ የልጆች እናትና አባት ናቸው፤ ደጋግሞ ያጠቃቸው በሽታ የተወው ጠባሳም አብሯቸው አድጓል።

ጠባሳው ሁለት ነገር ያደርጋል። እንባና ቅባት የሚያመነጩትን ዕጢዎች ይጎዳል፤ ዓይን ይደርቃል። የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌንን መፋቅ ይጀምራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዓይን ያላት የገጠር እናት፣ ልጇ አፑን ከፍቶ ጥያቄዎቹን ቢያነብላት ምን ይሆናል? ይቆረቁርሻል? አዎ። ያቃጥልሻል? አዎ። ብርሃን ያስቸግርሻል? አዎ። መልሶቹ ከዓይን ድርቀት ጋር ልክክ ይላሉ። አፑ የዓይን ቆቧን ገልብጦ የማየት እጅ የለውምና ምክሩን ይሰጣል፦ «ቶሎ ቶሎ አርግቢ።» የታጠፈ ፀጉር ያለበት ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑ ይፋቃል! ቶኪዮ ላይ መድኃኒት የሆነ ምክር እዚህ ላይ ሲደርስ ሥቃይ ይሆናል።

ሲመሽ ማየት የሚሳነው ሕፃንም እንዲሁ ነው። የአገሩ ሰው ዳፍንት የሚለው ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከቫይታሚን ኤ እጥረት ይመጣል፤ እጥረቱም ዓይንን ያደርቃል። ይህ ሕፃን ዛሬውኑ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። አስታዋሽ ደወል አያድነውም። «ራስህን ተንከባከብ» የተባለው ጎልማሳ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ገዝቶ ለወራት ቢጨምር የዓይኑ ግፊት ሊጨምርና ለግላኮማ ሊዳርገው ይችላል።

«ከምንም ይሻላል፤ ስልክ እኮ ገጠር ገብቷል» የሚል ክርክር ይነሳል። ገብቷል። አብዛኛው ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ስማርት ስልክ ያለውም በአማርኛ የሚያናግረው የዓይን አፕ ላያገኝ ይችላል። ኔትወርኩስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማንም አይረሳም። በአንድ ትእዛዝ የሚጠፋ ነገር ላይ የሕዝብን ዓይን ማንጠልጠል ብልህነት አይደለም።

ይህ ማለት ስልክ ለዓይን አይበጅም ማለት አይደለም። ጥያቄው ስልኩ በማን እጅ ነው፣ ከምንስ ጋር ተያይዟል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ኦሮሚያ ውስጥ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ መረጃውን የሰበሰበው በስማርት ስልክ ነው፤ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ተመርምረዋል። ስልኩን የያዘው ግን በሠለጠነ መርማሪ የሚመራ ቡድን ነበር። ኬንያ ውስጥ በኪታሌ አካባቢ መምህራን «ፒክ» በተባለ መተግበሪያ የተማሪዎችን ዓይን ሲመረምሩና ለወላጆች የአጭር መልእክት ማስታወሻ ሲላክ፣ ወደ ሕክምና ከተላኩት ልጆች 54 በመቶው ሄደዋል፤ በተለመደው መንገድ የሄዱት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስልኩ የሠራው ከመልእክቱ ጫፍ ላይ ሐኪም ስለነበረ ነው።

ራስን መንከባከብም ለአማራ ገጠር አዲስ አይደለም። በክልሉ ጥቂት የታጠፈ ፀጉር ብቻ ባላቸው 1,300 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግማሾቹን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹን ጥሩ ወረንጦና ሥልጠና ሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉሩ በብዛት የተመለሰው በወረንጦ በሚነቅሉት ላይ ነበር፤ በማየት ችሎታና በብሌን ጉዳት ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ወረንጦ ባትሪም ኔትወርክም አይፈልግም። ያም ሆኖ የሠራው ሠልጥኖ፣ ከጀርባው የሚከታተል ባለሙያ ኖሮት ነው።

ስለዚህ ከጤና ሚኒስቴር፣ ከክልሉ ጤና ቢሮና ከአፕ ሠሪዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው።

1. መተግበሪያው በመጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይሠራ። በአማርኛ ይሁን፤ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ከሁሉ በፊት የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየትን ያዝዝ።

2. ማንኛውም የዓይን ድርቀት አፕ ትራኮማ ባለበት አገር ሲቀርብ የመጀመሪያ ጥያቄው «ፀጉር ዓይንህን ይወጋሃል?» ይሁን። መልሱ አዎ ከሆነ ምክር መስጠቱን ያቁምና ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

3. የተላከው ሰው ሲደርስ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ይጠብቀው፤ ሰው ሠራሽ እንባም የከተማ መድኃኒት ቤት ዕቃ ብቻ ሆኖ አይቅር።

4. ፊት ታጠቡ ከማለት በፊት የሚታጠቡበት ውሃ ይቅረብ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ የሚምል ሕዝብ ዓይን ምን ያህል ውድ እንደሆነ ምክር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሳይቃጠል በቅጠል የሚደርስለት ነው። መንግሥት ያልሠራውን ሥራ «ራስን መንከባከብ» የሚል ስም አውጥቶ በታማሚው ትከሻ ላይ መጫን ግን፣ በስልክም ቢመጣ ያለ ስልክ፣ ያው ሕዝብን መተው ነው።