የወረቀት በር፣ የባነር ዘመን

ድንጋይ መግዣ ያጣ ንጉሥ በወረቀት ይገነባል። ቀልድ አይደለም፤ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ የሆነ ነገር ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን እንደ ጥንቶቹ የሮማ ቄሣሮች የድል በር አማረው። የቄሣሮቹ በእብነ በረድ የቆመ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከዕዳ አልወጣም። መፍትሔው ምን ሆነ? ሥዕል!

አልብሬክት ዱሬርና ባልደረቦቹ በሩን 195 ጠርብ እንጨት ላይ ቀረጹት፣ በ36 ትልልቅ ወረቀቶች ላይ አተሙት። ሲገጣጠም ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። ማንም የማይገባበት፣ ማንም የማይወጣበት በር! የቤተ መንግሥቱ ሊቅ ዮሐንስ ስታቢዩስ የንጉሡን የዘር ሐረግ ስቦ ስቦ ከትሮይ አገናኘው (እኛ ጋ ሰሎሞን እንደሚጠራው መሆኑ ነው)። ከዚያም 700 ያህል ኮፒ ታተመና ለመሳፍንቱና ለከተሞቹ ታደለ። የባነር ቅድመ አያት ማለት ይሄ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ትልቅነቱ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1515 ለዱሬር በዓመት 100 ፍሎሪን ቆረጠለት። ከየት ተከፍሎ? የኑረምበርግ ከተማ ለንጉሡ ከምታስገባው ግብር! በ1519 ንጉሡ ሲሞት ከተማዋ ከአዲሱ ንጉሥ ትእዛዝ ካልመጣ አልከፍልም አለች። ታላቁ ሠዓሊም ደመወዙን ለማስጸናት በዓመቱ እስከ ኔዘርላንድ ተጓዘ።

«ታዲያ ይሄ ለጅማ ምኗ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በግዙፍ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕሎች አጊጣ አከበረች። የትግላችን ሐውልትም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሳትፈውበት የተመረቀው ያኔ ነው። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ መለስ ዜናዊ ሲሞቱ ከተማው ሁሉ በፎቷቸውና «ራዕያቸውን እናስቀጥላለን» በሚል ጽሑፍ ተሸፈነ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የ«መደመር» ሆነ። ሚስማሩ ያው፣ ግድግዳው ያው፤ የሚቀያየረው ፊቱ ብቻ።

«መሪን ማክበር ባህላችን ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ሰው በገዛ ገንዘቡ የወደደውን መሪ ፎቶ ገዝቶ ሳሎኑ ቢሰቅል ማን ምን አገባው? በ2010 ስንቱ በኪሱ ከፍሎ ቲሸርት ለብሷል። የእኔ ጠብ በግብር ከታተመው ጋር ነው። የመንደራ ቆጪ ባለሱቅም ሆነ የአጋሮ ነጋዴ ግብር ሲከፍል መንገድ፣ ውሃ፣ መድኃኒት ይመጣል ብሎ ነው። የሚያስደስተው ሥራ ከተሠራለት፣ ማን እንደሠራው በአምስት ሜትር ፎቶ አይነገረውም፤ ያየዋል። ካልተሠራ ደግሞ ፎቶው ውሃ ሆኖ አይቀዳለት!

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ጋዜጠኝነት ተምረን ወደተመረቅነው። ማክሲሚሊያን እንጨት አልቀረጸም። የቀረጹት የተማሩ እጆች ናቸው። ዛሬም ባለሥልጣን ባነር ዲዛይን አያደርግም፤ መፈክር የሚጽፈው፣ ፎቶ የሚመርጠው፣ «ደማቅ አቀባበል» የምትለዋን የሚያስገባው የእኛው ባች ነው። «እንጀራ ነው» ትላላችሁ። አውቃለሁ፤ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ቶሎ ይገኛል፣ ጋዜጣ ግን በዓይናችን ፊት አለቀ። ቢሆንም ዱሬርም እንጀራ ነበረበት፤ ንጉሡ ሲሞት እንጀራውም አብሮ ተናጋ።

ስለዚህ አንዲት ነገር እንጠይቅ። በግብር በታተመ በእያንዳንዱ ባነር ግርጌ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ ስንት ብር ፈጀ? ከየትኛው በጀት? ክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ተብለን ተምረናል። በስንት ብር የሚለውንም እንጨምርበት። ዋጋው ከተጻፈ በኋላ ባነሩ አሁንም ትልቅ መሆን ካማረው፣ ይተልቅ!