ገጀራ ከመሸጡ በፊት ሊፈተን ይገባዋል

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፥ በዓባያ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ በሙዝ እርሻው የታወቀ ነው። በዚያ ላለው ገበሬ ገጀራ ከእጁ የማይለይ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ አስመጪውም ሆነ በብርብር ገበያ የሚቸረችረው ባለሱቅ የሚሸጠውን ብረት ጠባይ ሊያውቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን ፍርዱ የሚሰጠው በብልጭታውና በመያዣው ቀለም ነው።

የአረብ ብረት ጥንካሬ መነሻው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ካርቦኑ ከመቶ 0.3 በታች የሆነ ብረት ግሎ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም፤ ለገጀራ የሚስማማው ከ0.5 እስከ 0.8 ያህል ያለው ነው። እርሱም ቢሆን በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ በዘይት ከተነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ካልሞቀ፥ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የአገር ቀጥቃጮች ከአሮጌ ካሚዮን ባሌስትራ የሚሠሩት ገጀራ ሊናቅ የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን አለውና። ጉድለቱ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬ በቀጥቃጩ እሳት ጠፍቶ የሚመለሰው በዓይን ግምት ነው።

ፈተናው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከየጭነቱ ጥቂት ገጀራዎች ተወስደው በአንድ ዓይነት ማዕዘን ይሳሉ፤ አለዚያ የሚወዳደረው ብረቱ ሳይሆን የሳዩ እጅ ይሆናል። ከዚያም በደረቅ እንጨት ላይ እኩል ጊዜ ይመቱ። የታጠፈ ስለት ልስላሴን፥ የተሸረፈ ስለት ከልክ ያለፈ ድርቀትን ያሳያል። በመጠኑ ተለምጦ ቀጥ ብሎ የማይመለሰውም ለገበያ ባይቀርብ ይሻላል።

በጋሞ አገር ግን አንድ ሌላ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተጠንቶ የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሙዝንም የሚይዝ ሲሆን፥ ከተክል ወደ ተክል በስለት ይተላለፋል። ስለዚህ ገጀራውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጽዳት ግድ ነው። ሁለቱም ብረቱን ይጎዱታል፤ እሳቱ በዝቶ ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ይቀንሳል፥ በረኪናውም ያዝገዋል። ባለሱቁ ለገዢው ‹‹ከበረኪናው በኋላ በውሃ አጥበህ፥ አድርቀህ ዘይት ቀባው›› ቢለው ደንበኛውን ያተርፋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የዞሊንገን ከተማ የጎራዴ ስለት ወደ ኢትዮጵያ ይመጣ ነበር። የከተማው ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል። የገጀራ አስመጪ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጠው ስም ሁልጊዜ ስለማያገኝ፥ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ የካርቦኑን መጠን ይጥቀስ፤ ከፈተናው የወደቀ ጭነት በሻጩ ኪሣራ እንዲመለስም በውሉ ያስገባ።