የአደራ ኪሎ
ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የራሱ ነው? ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቪዛ ተመቶላት ሻንጣዋ ሲሞላ ቁጭ ብዬ አየሁ። የጎረቤት በርበሬ በድርብ ፌስታል ታስሮ፣ በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ የተቀባዩ ስልክ በእስክሪብቶ ተጽፎበት ገባ፤ ሽሮው ተከተለ፤ የአክስቷ ድርቆሽም ቦታ አላጣም። ሚዛኑ 25 ሲል የወጣው የልጅቷ ካፖርት ነው። «እዚያ ትገዢያለሽ» አሏት እናቷ። ብዙዎች ይህን የይሉኝታ ሸክም ይሉታል፤ እኔ ግን የአደራው ዕቃ ይግባ ባይ ነኝ። ካፖርት በገንዘብ ይገኛል፤ በማያውቁት ከተማ ስልክ ደውሎ «ከእናትዎ የተላከ ዕቃ ይዣለሁ» ለማለት መብቃት ግን በገንዘብ አይገኝም። ዕቃውን ሊቀበል የመጣ ሰው ቡና ሳይጋብዝ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት አንድ ሁለት ነገር ሳይጠቁም የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። የማልስማማው ውስጡ ሳይታይ በሚታሸገው ዕቃ ብቻ ነው። ላኪው ፊት ለፊት ይክፈተው፤ ተጓዡም ሳያፍር ይፈትሽ። ጉምሩክ የሚጠይቀው ላኪውን አይደለም፤ ስሙ ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ነው።