የስልካችን ዋና ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ወጣቶቻችን በየሞባይል መጠገኛው ደጃፍ ደጋግመው የሚወያዩበት ነው። ስልክ ሲንቀራፈፍ፣ ስታክ ሲያደርግና «ቦታ ሞልቷል» እያለ ሲያስቸግር፣ «ሩት ብታደርገው እኮ ይፈጥናል» የሚል ምክር ወዲያው ይሰነዘራል። በመሐል ሜዳም ይሁን በሞላሌ፣ በራቤልም ይሁን በዓለም ከተማ፣ በብዙ ቤት ስልክ የአንድ ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም። አባት የበግ ዋጋ ይጠይቅበታል፤ እናት ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጋር ትነጋገርበታለች፤ ተማሪው ያጠናበታል፤ ቁርኣን ይደመጥበታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። እንዲህ ያለውን የቤተሰብ አማና ከመነካካታችን በፊት ሩት ማድረግ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

«ሩት» የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሥር ማለት ነው። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ ነው፤ በሊኑክስ ውስጥ ደግሞ ሁሉን ማዘዝ የሚችለው የበላይ ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል። ነገሩን ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ልንመስለው እንችላለን። እያንዳንዱ አፕ የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ አለው። ጨዋታው የባንኩን ክፍል ከፍቶ አይገባም፤ የፎቶ ማስዋቢያውም የሌላውን ሣጥን አይበረብርም። የግቢው ዋና ቁልፍ ግን በሩን ሁሉ ይከፍታል። ስልኩን በገንዘባችን ብንገዛውም አምራቹ ይህን ቁልፍ አይሰጠንም። እንግዲህ ሩት ማድረግ ማለት ዋናውን ቁልፍ በእጅ ማስገባት ነው።

ምክሩ ከምን መጣ ቢባል፣ በዘመኑ ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ላይ የዋለው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ርካሽ ስልኮች ራማቸው 512 ሜጋባይት፣ ማከማቻቸውም 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሩት ያደረገ ሰው አፖችን ወደ ሚሞሪ ካርድ ያዛውር፣ ከፋብሪካ የመጡ የማይፈልጋቸውን አፖች ያጠፋ፣ ማስታወቂያ ያግድ ነበር። ሆኖም ከእነዚህ ብዙዎቹን አንድሮይድ ራሱ እየፈቀደ መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 4.0 የማይፈለግ አፕን ማሰናከል ፈቀደ። በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ደግሞ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሚሞሪ ካርድን እንደ ውስጥ ማከማቻ ለመጠቀም አስቻለ። በመሆኑም የዛሬው ወጣት ለትናንት በሽታ የታዘዘ መድኃኒት እየዋጠ እንዳይሆን ልብ ሊል ይገባዋል።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ሩት ምን እንደማያደርግ ነው። የስልክ ማከማቻ እንደ ጎተራ ነው፤ ራም ደግሞ እንደ ምጣድ። እህሉ በጎተራ ይቀመጣል፤ እንጀራው የሚጋገረው ግን በምጣድ ላይ ነው። ሩት ማድረግ ምጣዱን አያሰፋውም። ጎተራውንም ቢሆን ያን ያህል አይጨምረውም፤ ከፋብሪካ የመጡት አፖች የተቀመጡት ለሥርዓቱ በተከለለ ቦታ ስለሆነ፣ እነርሱን ማጥፋት ለፎቶና ለቪዲዮ የሚሆን ቦታ እምብዛም አያስገኝም። አሮጌ ባትሪም በሩት አይታደስም።

ዋናው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ አገራችን በተግባር አይታዋለች። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ድርጅት አንድ ምርመራ ይፋ አደረገ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባሉ ስልኮች ውስጥ ገና ከሱቅ ሲገዙ «ትሪያዳ» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተሸሽጎ ተገኘ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ይገኙበታል። ትሪያዳ የሩትን ሥልጣን የሚይዝ ነው። «ኤክስሄልፐር» የተባለ ሌላ ፕሮግራም ያመጣል፤ ያ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ በስውር ለልዩ ልዩ አገልግሎት እየመዘገበ የተሞላውን የስልክ ካርድ ይበላል። ድርጅቱ እንዳስታወቀው ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የምዝገባ ጥያቄዎች ተመዝግበዋል። አምራቹ ትራንሽን በበኩሉ ችግሩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ አካል የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መስጠቱን ገልጿል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ስልኩን ፎርማት ማድረግ እንኳ ፕሮግራሙን አለማስወገዱ ነው። ዋናውን ቁልፍ የያዘ ሌባ ክፍሎቹ ቢጠረጉም ከግቢው አይወጣም።

ታዲያ እነዚያ ስልኮች ባለቤቶቻቸው ሳይጠይቁ የተጫነባቸውን አደጋ፣ እኛ በገዛ እጃችን ብንጋብዘው ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንምን? «አንድ ጊዜ ተጭኖ ሩት ያደርጋል» እየተባለ በብሉቱዝና በፍላሽ የሚዘዋወር አፕ ሥራው የሥርዓቱን ቀዳዳ ፈልጎ መግባት ነው። ማን እንደሠራው፣ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። ከዚህም በላይ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው አንድሮይድ 7 ጀምሮ ስልኮች በሚነሡበት ጊዜ ሥርዓታቸው አለመነካቱን አጥብቀው የሚያጣሩበት አሠራር ስለመጣ፣ እንዲህ ያሉት አፖች በአዳዲስ ስልኮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠሩም፤ ጉዳታቸው ግን ይተርፋል።

ትክክለኛው መንገድም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቅድሚያ ቡትሎደር የተባለው የመነሻ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ በዚህ ጊዜ በስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ፣ ቪዲዮና መልእክት በሙሉ ይጠፋል። ከዚያ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ፋይል አግኝቶ በኮምፒውተር መጫን ያስፈልጋል። የሌላ ሞዴል ፋይል ከተጫነ ስልኩ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ማዳኛው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ለምናስታውስ፣ ማዳኛው ሳይያዝ መጀመር ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ግልጽ ነው። የተሳካለት ሰውም ብዙ የባንክና የገንዘብ አፖች ሩት የሆነን ስልክ ለይተው አንከፈትም እንደሚሉት ይወቅ። ከሳዑዲ ወይም ከአዲስ አበባ የተላከ ገንዘብ በአፑ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

እንግዲህ ስልካችን ሲንቀራፈፍ ምን እናድርግ? የሚከተሉትን በቅደም ተከተል እንሞክር።

አንደኛ፣ ጎተራውን እናራግፍ። ማከማቻው ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ይዘገያል፤ ከመቶ 15 ያህሉ ባዶ ቢሆን መልካም ነው። በብዙ ቤት ቦታውን የሚይዘው ከቴሌግራም የወረደ ቪዲዮ ነው። በቴሌግራም ሰቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ከፍተን ክምችቱን ብናጠፋ፣ ከቻናሉ እስካልተሰረዘ ድረስ የምንፈልገውን መልሰን ማውረድ እንችላለን። የዋትሳፕ ፎቶ ግን ከስልኩ ከጠፋ ላይመለስ ስለሚችል የቤተሰቡን ትዝታ አስቀድመን በሚሞሪ ካርድ እንገልብጥ።

ሁለተኛ፣ «ስልክ አፍጣኝ» ወይም «ራም አጽጂ» የሚባሉትን አፖች እናስወግድ። የሚዘጓቸው አፖች ወዲያው እንደገና ስለሚነሡ ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። የማንጠቀምባቸውን የፋብሪካ አፖች ደግሞ ከሰቲንግ «ዲስኤብል» እናድርግ። እንቢ የሚሉትን ሞባይል ሠሪው በኮምፒውተር ገመድና «ኤዲቢ» በተባለው መሣሪያ ያለ ሩት ሊያነሣቸው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ራሙ አነስተኛ ለሆነ ስልክ ቀለል ያሉትን አፖች እንምረጥ፤ ፌስቡክ ላይት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስልክ ስንገዛም ለራሙ መጠን ከካሜራው ቁጥር የበለጠ ትኩረት እንስጥ።

አራተኛ፣ የአየሩን ጠባይ እንወቅ። ከፍታው 3,000 ሜትር በሚደርስባቸው የመንዝ ደጋዎች ብርዱ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ ገና ቻርጅ እያለው ድንገት የሚጠፋ ስልክ ሁልጊዜ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። ውርጭ በወረደበት ሌሊት ስልኩን ደጅ ቻርጅ አናድርግ። በተቃራኒው ደግሞ በሶላር ስንሞላ ስልኩን ከሰሌዳው ጎን ፀሐይ ላይ አናስጣው፤ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው፣ መረጃውን ገልብጦ ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው መፍትሔ ነው። ከዚያ በፊት የጉግል አካውንቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል በእጃችን እንያዝ፤ አለበለዚያ ስልኩ ከተነሣ በኋላ ሊቆለፍብን ይችላል።

ይህን ስንል ግን ወጣቶቻችን አይማሩ ማለታችን አይደለም። ዛሬ በስፋት የሚታወቀውን «ማጂስክ» የተባለውን የሩት መሣሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታይዋናዊው ጆን ዉ፣ በ2021 በጉግል የአንድሮይድ ደኅንነት ክፍል ተቀጥሯል። ቁልፉን መመርመር የቻለ እጅ ቁልፉን ለመጠበቅም ተፈለገ። ስለሆነም ይህን ሙያ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ አይቆጣው። ይልቁንም ሲም ካርድ፣ የባንክ አፕና የቤተሰብ ፎቶ የሌለበት አንድ አሮጌ ስልክ ይስጠው። ቢበላሽ የሚጎዳው ያ ስልክ ብቻ ነው። የእናቱን ስልክ ግን፣ እርሷ አውቃና ፈቅዳ ካልሆነ በቀር፣ ለሙከራ አያንሣው፤ በውስጡ ያለው የእርሷ ገንዘብ፣ ምስጢርና የልጆቿ ድምፅ ነውና።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።