ከጓሳ የወረደ ቤተሰብ ምን ይናፍቀዋል?

መንዝ የተመደበ መምህር ወይም ነርስ ገና ዕቃውን አውርዶ ሳይጨርስ ስለ ዝውውር ይጠይቃል። «ስንት ዓመት ካገለገልን ነው ማመልከት የሚቻለው?» ይህን በመጠየቁ ማንም አይወቅሰውም። በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው ኩበት ማቀጣጠል እየተማረ ነው። በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ አለ፤ ጥቂት ዓመት ይኖራል፣ ልጅ ይወልዳል ወይም ያስተምራል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ በደብረ ብርሃን በኩል ይወርዳል።

ናፍቆቱ የሚጀምረው ከወረዱ በኋላ ነው፤ ያውም ባልጠበቁት በኩል።

ብርዱ ራሱ ይናፍቃቸዋል ማለት አይደለም። የሚናፍቃቸው ብርዱ ያመጣው አብሮ መቀመጥ ነው። በመንዝ ከመሸ በኋላ ሰው እሳት ዳር ይሰበሰባል። ጎረቤት እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች፤ የበግ ፀጉሩን እያሾረች ትፈትላለች፤ ጨዋታው አይቋረጥም፣ እጇም አያርፍም። ከዚያ ፈትል ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ይሠራል። ጥቁሩ በርኖስም እንዲሁ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ዝናብና ውርጭ የሚመልስ ካባ ይወጣዋል። አንድ ባና ስንት ምሽት እንደሚፈጅ በዓይኗ ያየች ሴት አዲስ አበባ ገበያ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ስትዳብስ የምታስበው ዋጋውን ብቻ አይደለም።

የገብሱም ነገር አለ። ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ ጠላው ሁሉ ከገብስ ነው፤ የዚያ ደጋ ገብስ ደግሞ በእጅጉ በበልግ ዝናብ ላይ የተመካ ነው። በወር ደመወዝ የሚኖረው ቤተሰብ እንኳ የካቲት ሲገባ ሰማይ ሰማይ ማየት ይለምዳል። በልጉ ከቀረ የጎረቤቱ ጎተራ ምን እንደሚሆን ያውቃልና። ከተማ ሲመለስ የዝናብን ወሬ ከልቡ የሚጠይቀው ሰው ያጣል።

ልጆቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጭላዳ ዝንጀሮን ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ሜዳው ላይ ይወጣል። ቁጭ ብሎ በሁለቱም እጁ ሣር ይነጫል፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፣ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር አይገኝም። በመንጋው መካከል አልፎ አልፎ ቀይ ቀበሮ ይታያል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት ምክንያቱን ከቀበሮው ወገን አስረድቷል፦ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ። ግልገሎቹን እምብዛም ስለማይነካም መንጋው ይታገሠዋል። በመላው ዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ይህን ከመንገድ ዳር ቆሞ ያየ የአሥር ዓመት ልጅ ያየው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚረዳው ምናልባት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው።

ለጊዜው መጥተው መውጣት ያቃታቸውም አሉ። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጓሳን ጭላዳ እየተመላለሱ ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2001 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ደጋውን ሲያለብሰው ሣር በሊታዎቹ ጭላዳዎች አንበጣውን እየለቀሙ ሲበሉ ያዩትና የመዘገቡት ሜዳው ላይ ስለ ነበሩ ነው። ከእነርሱ ቀደም ሲል፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ መንዝ ጉልህ ስፍራ አለው። ሌቪን እስኪሞት ድረስ ከኢትዮጵያ ጉዳይ አልራቀም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወራጁ ቤተሰብ የሚናፍቀው ሁሉ፣ ጭላዳውም ምንጩም የሣር ክዳኑም፣ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ጠባቂ ነበረው። በአፍ የቆየው ታሪክ አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አባቶች ያነሣዋል፤ ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር፤ ዕድሜውም ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስዳል። አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ይመረጡ ነበር። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ እንጨት መልቀም፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ነበር። የሰፈሩ ወንዶች በተራ ይጠብቁ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባበታል፣ ክረምቱ ሲቃረብ ዳግም ይዘጋ ነበር። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል። ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱም ርስቱን የተደገፈው ቄሮም አበቃ። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ደግሞ የሚቆጣጠር ጠፋ። ሣሩ ተጋጠ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ። ማኅበረሰቡ ግን ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና ጀመረ፤ የአማራ ክልልም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ አጸናው። ዛሬ የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያም አለ።

ጥበቃው ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህ ዓምድ አጥብቆ መናገር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ላሟ ከሲታ የሆነችበት ገበሬ ለምለሙን ሜዳ እያየ ከብቱን ይመልሳል። ጭላዳ ማሳ ሲገባ ገብሱን የሚከላከሉት ልጆች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰብ በእሑድ ሽርሽር ያገኘውን ደስታ የከፈለለት ይህ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ናፍቆቱን በስልክ ፎቶ መወጣት አይበቃም። ልጆቹን ይዞ ተመልሶ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ማደር፣ ባናና በርኖስ ከሠሪው እጅ መግዛት፣ አዲስ አበባ ለሚያገኘው ሰው የቄሮን ታሪክ መንገር ይቻላል። ትምህርት ቤቶችም ለጊዜው የመጣውን ልጅ ከተወላጁ ጋር አድርገው ጓሳ ቢወስዱት፣ ጠባቂውም ሥርዓቱን ቢያስረዳው፣ ብዙ ወጪ የሌለው ትልቅ ትምህርት ነው። መንዝ መመደብን እንደ ቅጣት ማውራትም ቢቀር ይሻላል፤ እዚያ ተወልዶ ለሚያድገው ልጅ ጆሮ ይከብዳል።

በሰኔ መጨረሻ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ አዲሱ ቤተሰብም ለነባሩ ይደውላል። «ምን ይዘን እንምጣ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ጥሩ መልስ ለመስጠት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፦ ብርድ ልብስ አትግዙ፣ እዚሁ ባና ታሠራላችሁ፤ ለልጆቹ ወፍራም ካልሲና ጠንካራ ጫማ አምጡ፤ ለኩበቱ፣ ለገብሱ፣ ጓሳ መቼ እንደሚከፈት ለማወቅም ከበሩ ትይዩ ያሉትን እማማን ጠይቋቸው፣ እሳቸው ሁሉንም ያውቃሉ።