ሲሊኮን በካርቶን ዋጋ ብቻ አይገዛም

የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥባቸው የመርካቶ መደብሮች ከማይጠፉት ዕቃዎች አንዱ በቱቦ የታሸገው ሲሊኮን ነው። መስታወትና አሉሚኒየም የሚገጥመውም፣ የመታጠቢያ ቤት የሚሠራውም ይፈልገዋል። አስመጪው ግን ለማዘዝ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካርቶኑ ስንት ይወጣል?» ብሎ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ቢበረታ አያስደንቅም። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ እምነት ሌላ ጥያቄ ካልታከለበት ነጋዴውን ለኪሳራ ይዳርገዋል። ለምን ቢባል፣ የሲሊኮን ዋጋ ያለው በክብደቱ ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥ ስለሆነ ነው።

መነሻው የኳርትዝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ሲሊከን ይወጣዋል፤ ለአንድ ቶን ከ11 እስከ 13 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይበላል። ሲሊከኑ ተፈጭቶ በመዳብ አጋዥነት ከሜቲል ክሎራይድ ጋዝ ጋር ይዋሐዳል። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኙት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ዩጂን ሮቾው ናቸው። ውጤቱ ተጣርቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀለበት መሰል ሞለኪውሎች ይገኙበታል። ከነዚህ ዋነኛው በንግዱ ዓለም ዲ 4 የሚባለው ሲሆን፣ አራት ሲሊከንና አራት ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙበት ነው።

ፋብሪካው ይህን ቀለበት በአሲድ ወይም እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለ አልካሊ ይከፍተዋል። የተከፈተው ቀለበት ከሌላው ጋር እየተቀጠለ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። ቁም ነገሩ በሰንሰለቱ ጫፍ ወይም ጎን የሚንጠለጠለው ላይ ነው። ሃይድሮክሲል ከሆነ በአየር እርጥበት ለሚደርቀው ማሸጊያ ይውላል። ቪኒል ከሆነ በፕላቲኒየም አጋዥነት ጠንክሮ የኬክ ቅርፅ ማውጫና የጡጦ ጫፍ ይሠራበታል። አሚኖ ከሆነ ጨርቅ ማለስለሻና የፀጉር ኮንዲሽነር ውስጥ ይገባል። ሁሉም «ሲሊኮን» ይባላሉ፤ በአንድ ዋጋ ግን አይሸጡም፣ አንዱም የሌላውን ሥራ አይሠራም።

እንግዲህ የቱቦው ዋጋ ከመጠን በላይ ሲወርድ ምን ተቀነሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዓለም ገበያ የታወቀው ዘዴ ውድ የሆነውን ሰንሰለት ቀንሶ በምትኩ ርካሽ የማዕድን ዘይት መጨመር ነው። ዕቃው ሲገዛ ያብረቀርቃል፤ ውሎ አድሮ ዘይቱ ሲወጣ ግን ይሸበሸባል፣ ይደርቃል፣ ከመስታወቱም ይላቀቃል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ከናሙናው ጥቂት በስስ የላስቲክ ወረቀት ላይ ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ላስቲኩ ከተጨማደደ ዘይት አለበት። በተጨማሪም ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት አሲድ ስለሚያወጣ ለመስታወት ጥሩ ቢሆንም የመስተዋትን ጀርባ፣ መዳብንና እብነ በረድን ይጎዳል። ለነዚህ ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት ይታዘዛል።

የመዋቢያ ዕቃ አስመጪዎችም ቢሆኑ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። ቀለበቶቹ ተከፍተው ሲቀጠሉ ሁሉም አያልቁም፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ቀለበት እንደሆነ ይቀራል፣ በሙቀትና በቫኪዩም መውጣት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ታጥበው በሚወገዱ መዋቢያዎች ውስጥ ዲ 4 እና ዲ 5 ከመቶ 0.1 እንዳይደርሱ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። በ2024 ያወጣው ደንብ ደግሞ ክልከላውን ወደ ዲ 6 እና ወደ ሌሎች መዋቢያዎች አስፍቶታል። አውሮፓ የማይቀበለው ዕቃ ደንቡ ያልጠበቀበትን ገበያ ቢፈልግ አይገርምም። የእኛ አስመጪ የቀለበቱን መጠን የሚገልጽ የላቦራቶሪ ሰነድ ከኤል.ሲ. በፊት ይጠይቅ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ «ድንጋዩ አለን፣ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም ኃይል ይሰጠናል፤ የሲሊኮን ፋብሪካ እንክፈት» የሚል ባለሀብት ቢነሣ ሐሳቡ አይናቅም። ነገር ግን ድንጋይና መብራት የሚያደርሱት እስከ ሲሊከኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሜቲል ክሎራይድ፣ የማጣሪያ ማማና የሚተፋው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አያያዝ ብዙ ካፒታልና ብዙ ባለሙያ ይጠይቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ከመጨረሻው ደረጃ መጀመር ይሻላል። ይኸውም ሃይድሮክሲል ያለውን ሰንሰለት በበርሜል አስገብቶ፣ ከመሙያና ከማጠንከሪያ ጋር እዚሁ ማደባለቅና በቱቦ ማሸግ ነው። ለዚህ እርጥበት የማያስገባ፣ ቫኪዩም ያለው መደባለቂያና አንድ ጠንቃቃ ኬሚስት ያስፈልጋሉ።

ደላላውም ቢሆን ከእንግዲህ «ጥሩ ሲሊኮን አለ» ማለቱ አይበቃውም። የምን ሲሊኮን፣ ዘይት አለው ወይስ የለውም፣ ለምን ሥራ የሚለውን የሚመልስ ደላላ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል። ከፎቅ ላይ የተላቀቀን መስታወት ከካርቶኑ ላይ የተረፈው ጥቂት ዶላር አይተካውም።