የሞተር ብስክሌት መድኃኒት

አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሥራ ይዘህ ወረኢሉ ከተመደብህና ከቀበሌ ቀበሌ የሚያደርስህ ሞተር ብስክሌት ከተሰጠህ፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ እየተንተፋተፈ መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ወዳጆችህ ሁሉ ሐኪም ይሆናሉ፤ «ቤንዚኑ ላይ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምርበት» ይሉሃል።

እኔም ምክሩን ሰምቼ ከጠባቧ ደመወዜ ቀንሼ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ጨመርሁበት፤ ሞተሩ ግን ፈቀቅ አላለም። በኋላ መካኒኩ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ቢያላላ፣ የወጣው ከቤንዚኑ ይልቅ ውሃው ይበዛል! ለካስ ክዳኑ ባልገጠመ ጀሪካን ያስቀመጥሁት ቤንዚን የክረምቱ ዝናብ ገብቶበት ኖሯል።

መድኃኒቱ ከንቱ ነው አልልህም። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ያበጅና፣ መርፌ የማታሳልፈውን የካርቡራተር ቀዳዳ ያጠባል። በጥሩዎቹ ማጠቢያዎች ውስጥ ያለው ፖሊኤተርአሚን የተባለው ንጥረ ነገር ይህንና በቫልቭ ላይ የሚጋገረውን ጥላሸት ቀስ በቀስ ይፈታል። ፈጽሞ የተደፈነውን ግን አይከፍትም፤ ቤንዚን ያላለፈበትን መድኃኒቱስ በየት ያልፋል?

ደግሞም ወረኢሉ ከ2,600 ሜትር በላይ ያለች ደጋ ናት፤ አየሯ ከቀይ ባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ይህን የሚያቃናው የቀዳዳዋን ልክ የሚያውቅ መካኒክ ነው።

እንግዲህ ጠርሙሱን ከመግዛትህ በፊት ያችን ብሎን አላላና የሚወርደውን በብርጭቆ ተቀብለህ እይ፤ ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል። ሲጋራህን ግን አስቀድመህ አጥፋ።